ውሻችሁ ካንሰር ቢይዘው፦ አትጣሉት፣ አታሰቃዩት

 

የዛሬው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ስለ ውሻ ነው። እኔ የሰው ሐኪም ነኝ፤ ውሻ አላክምም። ነገር ግን ወላጆች ልጃቸውን አስመርምረው፣ ማዘዣቸውን ተቀብለው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም ይሉና እንደ ማፈር እያሉ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ውሻችን ካንሰር ነው ተባለ። ልጆቹ ደግሞ አብረውት ነው የሚውሉት። ምን ይሻለናል?»

በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንዱ የቤተሰቡ ጤና ነው። ሌላው ሰዎቹ አፍ አውጥተው ለመናገር የሚያፍሩት ሐዘን ነው። ለሁለቱም መልስ ይገባቸዋል።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። በአገራችን የታመመ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ይገጥመዋል። ወይ በመኪና ተጭኖ ራቅ ያለ ሰፈር ይጣላል፤ ወይ ደግሞ ስለምንወደው ብቻ ከግቢው ጥግ ተኝቶ፣ ሕመም ማስታገሻ እንኳ ሳያገኝ እስከ መጨረሻው ይሰቃያል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። የሚድነውን ማሳከም፣ የማይድነውን ከሥቃይ ማሳረፍ፣ ለልጆች ደግሞ እውነቱን መንገር ይቻላል። ይህን ሁሉ ስናደርግ የቤተሰባችንንም ጤና መጠበቅ እንችላለን።

«ለሰው መድኃኒት በጠፋበት አገር ለውሻ ካንሰር ሕክምና?»

ይህን የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቅሬታው ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወረፋ የሚጠብቁ እናቶችን ለሚያውቅ ሰው የውሻ ኬሞቴራፒ ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ውሻችሁን ብትጥሉት የአንድም ሰው ወረፋ አያጥርም። ሌሊቱን ሙሉ ቤታችሁን ሲጠብቅ የኖረ፣ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በር ላይ የሚቀበል እንስሳ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም እናንተ ናችሁ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን። እሱ የበላበትን ካልረሳ፣ እኛም የጮኸልንን ባንረሳ መልካም ነው።

ደግሞም በእኛ አገር በውሾች ላይ በብዛት ከሚታዩት ዕጢዎች አንዱ ሊድን የሚችል ነው። ሰው ይህን ስለማያውቅ ነው ብዙ ውሻ በከንቱ የሚጣለው።

ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው ካንሰር

በወንድ ወይም በሴት ውሻ ብልት ላይ የሚወጣ፣ የአበባ ጎመን የመሰለ፣ በቀላሉ የሚደማ ሥጋ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ባለቤቶች መጀመሪያ የሚያዩት የሚንጠባጠብ ደም ነው። «ሽንቱን ያመዋል» ወይም «ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ነው» እያሉ ወራት ያሳልፋሉ። ይህ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በመላላስና በማሽተት ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ ካንሰር ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ያለው ነገር በጣም የሚገርም ነው። የሚተላለፈው ቫይረስ ወይም ባክቴሪያ አይደለም፤ የካንሰሩ ሕያው ሴል ራሱ ነው። ሳይንቲስቶች ዘረመሉን መርምረው እንዳረጋገጡት፣ ከሺህ ዓመታት በፊት በኖረ አንድ ውሻ ላይ የተነሣው ካንሰር ነው ዛሬ በብዙ አገሮች ከውሻ ወደ ውሻ እየተሻገረ ያለው።

አሁን ወላጆች የሚፈሩትን ልመልስ፦ ይህ ካንሰር ወደ ሰው አይተላለፍም። ሌሎቹ የውሻ ካንሰሮችም ወደ ሰው አይተላለፉም። ልጃችሁ ውሻውን ስለነካው፣ ስላቀፈው ካንሰር አይዘውም።

ሕክምናው ቪንክሪስቲን የሚባል መድኃኒት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ከ10 ውሾች 9 ያህሉ በዚህ ሕክምና ይድናሉ። ስሙን የሰማችሁ ወላጆች ትኖራላችሁ፤ የደም ካንሰር ላለባቸው ሕፃናት የምንሰጠው ያው ቪንክሪስቲን ነው። መጀመሪያ የተገኘውም በማዳጋስካር ከሚበቅል፣ ሮዝ አበባ ካለው ተክል ነው።

አንድ አደራ አለኝ። ከአንድ ወይም ከሁለት መርፌ በኋላ እብጠቱ ሲያንስና ደሙ ሲቆም «ዳነ» ብላችሁ አታቋርጡ። ሰውም አንቲባዮቲክ ሲሻለው የሚያቋርጠው እንዲሁ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ «በቃ፣ ጨርሰናል» እስኪል ድረስ ቀጥሉ፤ ከተቋረጠ ሊመለስ ይችላል።

ሌሎቹ ካንሰሮችስ?

ሁሉም እንዲህ የሚታዘዝ አይደለም። በሴት ውሻ ጡት ላይ የሚወጣ ጓል ግማሽ ያህሉ ካንሰር ባይሆንም ትንሽ ሳለ መታየትና ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት። ውሻዋን ገና በልጅነቷ ማስመከን ይህን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል። ትልልቅ ዝርያ ባላቸው ውሾች እግር ላይ ከእብጠት ጋር የሚመጣ የማይለቅ ማነከስ ደግሞ የአጥንት ካንሰር ሊሆን ይችላል። በአገጭ ሥር፣ ከትከሻ ፊት ወይም ከጉልበት ጀርባ የሚያብጥ፣ ሲነኩት የማያም ንፍፊት ካያችሁ ሊምፎማ የሚባለው ካንሰር እንዳይሆን አስመርምሩ።

ሊምፎማን ላንሣ፤ በተለይ አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ ተከታታዮቻችን፣ ሐኪማችሁ ከዚህ በሽታ ጋር የሚያወሳስብ ምርጫ ሊያቀርብላችሁ ስለሚችል። አራት መድኃኒቶችን አዋሕዶ ለወራት በሚሰጥ ኬሞቴራፒ ከ10 ውሾች 8 ያህሉ ዕጢያቸው ይጠፋል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ የሚገኘው ዕድሜ በአማካይ አንድ ዓመት ገደማ ነው። ወጪው አሜሪካ ውስጥ በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። ፕሬድኒሶሎን ብቻውን ሲሰጥ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ወር ያህል የተሻለ ጊዜ ይሰጣል። እዚህ ላይ የምትገዙት ጊዜ እንጂ ፈውስ እንዳልሆነ አውቃችሁ ወስኑ። ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ ገና ምርመራው ሳያልቅ ፕሬድኒሶሎን ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትጀምሩ፤ በኋላ የሚሰጠው ኬሞቴራፒ እንዳይሠራ ሊያደርግ ይችላል።

ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሙን እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ፦

1. ይህ በሽታ ይድናል ወይስ የምናገኘው ጊዜ ብቻ ነው?
2. ሕክምናው የውሻውን ውሎ ምን ያደርገዋል? ይበላል? ይራመዳል?
3. ስንት ጊዜ መመላለስ አለብን? ጠቅላላ ወጪውስ ስንት ነው?

ሦስተኛውን ሳታፍሩ ጠይቁ። ለመጨረስ የማትችሉትን ሕክምና ከምትጀምሩ ከመጀመሪያው ማወቁ ይሻላል። ገንዘብ ስላነሰው ሕመም ማስታገሻውን ብቻ የመረጠ ቤተሰብ ውሻውን አልካደም።

እዚህ አገር ሕክምናው የት ይገኛል ለምትሉ፣ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። በአዲስ አበባ ደግሞ የግል የእንስሳት ክሊኒኮች አሉ። ሁሉም የካንሰር መድኃኒት ስለማይኖራቸው ውሻውን ይዛችሁ ከመንገላታታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

ኬሞ የጀመረ ውሻ ቤት ውስጥ ሲኖር

ብዙ ሰው ኬሞ ሲባል ፀጉሩ የረገፈ፣ የሚያስመልሰው ሰው ይታየዋል። ለውሻ የሚሰጠው መጠን በአብዛኛው ዝቅ ያለ ነው፤ ዓላማው ያለውን ጊዜ ደህና ሆኖ እንዲኖር ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ ውሾች ጠንከር ያለ ሕመም አይገጥማቸውም፤ የብዙዎቹም ፀጉር አይረግፍም።

የእኔ ትልቁ ጭንቀት ሰዎቹ ናቸው። መድኃኒቱ ከውሻው ሰውነት በሽንት፣ በሰገራና በትውከት ይወጣል። ስለዚህ፦

1. ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ሕፃናት፣ እንዲሁም ራሳቸው የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ ወይም የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች የውሻውን ሽንት፣ ሰገራና ትውከት አይንኩ፤ አያጽዱ። በብዙ ቤት ግቢ የምታጸዳው የቤት ሠራተኛ ናት። ነፍሰ ጡር ልትሆን ትችላለችና ለእሷም በግልጽ ንገሯት፤ ጓንትም ግዙላት።

2. ከእያንዳንዱ መርፌ በኋላ ቢያንስ ለ3 ቀን ጥንቃቄ አድርጉ። መድኃኒታቸው ከዚያ በላይ የሚቆይ ስላለ የእናንተ ስንት ቀን እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። በጓንት አንሡ፣ በሁለት ፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉ፣ ሽንት የነካውን ቦታ በብዙ ውኃ አጥቡት።

3. ልጆች ከሚጫወቱበት ራቅ ያለ ቦታ እንዲሸና አስለምዱት።

4. የሚተኛበት ጨርቅ ከተበከለ ከቤተሰቡ ልብስ ለይታችሁ ሁለት ጊዜ እጠቡት።

5. በነዚያ ቀናት የልጆችን ፊትና እጅ እንዲልስ አትፍቀዱ። መዳበስና ማቀፍ ግን ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ በቂ ነው።

6. በአፍ የሚወሰድ ኬሞ ከታዘዘ ክኒኑን አትክፈሉ፣ አትፍጩ፤ በጓንት ያዙት። ከልጆች መድኃኒት ጋር ፈጽሞ አታስቀምጡት።

ምግቡና መድኃኒቱ

ለውሻ የምንሰጠው ብዙውን ጊዜ የወጥ ፍርፋሪ ነው። ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። በካንሰርና በኬሞ ለደከመ ውሻ ይህ ተጨማሪ አደጋ ነው። «ነጭ ሽንኩርት ለካንሰር ፍቱን ነው» ተብሎ የሚሰጠውም እንዲሁ ይጎዳዋል። የተቀቀለ ሩዝ ወይም ድንች ከተቀቀለ ሥጋ ወይም ዕንቁላል ጋር፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ ስጡት።

ጥሬ ሥጋ አትስጡት፤ ኬሞ ላይ ያለ ውሻ ኢንፌክሽን የመቋቋም አቅሙ ይደክማል። በተለይ በበዓል እርድ ጊዜ ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መወርወር ትልቅ ስህተት ነው። ውስጡ ያለው የኮሶ ትል ዘር በውሻው አንጀት ያድግና እንቁላሉ በሰገራው ይወጣል፤ ሰው ከዋጠው ጉበቱና ሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይፈጥርበታል። ይህ ለጤነኛ ውሻም የሚሠራ ምክር ነው።

ሕመሙን ለማስታገስ ብላችሁ ከቤት ያለውን ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል አትስጡት። ለእኛ የሚያሽለን ለውሻ ጨጓራ፣ ኩላሊትና ጉበት መርዝ ሊሆን ይችላል። ለውሻ የሚስማማ ማስታገሻ አለ፤ ከእንስሳት ሐኪሙ ጠይቁ። ቁስሉ ላይም ነጭ ጋዝ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትቀቡት።

ከመርፌው በኋላ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ በደንብ ተከታተሉት፤ የነጭ ደም ሴል የሚያንሰው ያኔ ነው። ውሻ በተፈጥሮው ከሰው ይሞቃል፤ ጤነኛ ሆኖ ሙቀቱ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ይደርሳል። በእጅ ዳስሶ መገመት ስለሚያሳስት ለእሱ ብቻ የሚሆን ቴርሞሜትር ያዙለት። ከ39.5 በላይ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ካልበላ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካለው፣ ወይም መርፌ የተወጋበት ቦታ ካበጠና ከቆሰለ ሳታድሩ ወደ ሐኪሙ ውሰዱት።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም አትርሱ፤ ከኬሞው ጋር መቼ እንደሚሰጥ ሐኪሙ ይወስናል። የታመመና የሚያመው ውሻ የሚወደውን ልጅ እንኳ ሊነክስ ይችላል። ከነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። «የእኛው ውሻ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ።

ለልጆች እውነቱን ንገሯቸው

እንደ ሐኪም በጣም የማምንበት ክፍል ይህ ነው። ውሻው ሲታመም ልጆች ያውቃሉ። ስትንሾካሾኩ ይሰማሉ። የማይነገራቸውን ደግሞ በራሳቸው ይሞሉታል፤ የሚሞሉትም ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው። አምስት ወይም ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ «ያን ቀን በእግሬ ስለመታሁት ይሆን የታመመው?» ብሎ ለብቻው ሊሠቃይ ይችላል።

ስለዚህ በአጭሩ ንገሩት፦ «ውሻችን ካንሰር የሚባል በሽታ ይዞታል። ማንም አይደለም ያመጣበት። አንተም አይደለህም። ከእሱ ወደ አንተ አይመጣም። ሐኪሙ መርፌ እየሰጠው ነው፤ እኛም እንንከባከበዋለን።» ለልጁ የሚችለውን ሥራ ስጡት፦ የመጠጥ ውኃውን ይቀይር፣ አጠገቡ ይቀመጥ። ጽዳቱን ለአዋቂ ተዉት።

ከሞተም «ጠፋ» አትበሉት። ጠፋ የተባለ ልጅ በር በተከፈተ ቁጥር ይጠብቃል፤ «ለምን አንፈልገውም?» ይላል። «ተኛ»ም አትበሉት፤ ትንንሽ ልጆች መተኛት ሊፈሩ ይችላሉ። «ሞተ፤ ከእንግዲህ አይመለስም፤ እኛም አዝነናል» በሉት። ካለቀሰ አብራችሁት ተቀመጡ። «ለውሻ ይለቀሳል እንዴ?» አትበሉት። ልጁ ሐዘኑን መደበቅ የሚማረው ከዚህ ነው። ነገ የሚደብቀው የውሻን ሐዘን ብቻ አይሆንም።

መቼ ይበቃል?

ውሻ የት እንደሚያመው አይነግራችሁም። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በየማታው ምልክት አድርጉ። በልቷል? ያለ ጭንቀት ተንፍሷል? ተነሥቶ ተራምዷል? ስትጠሩት ጅራቱን ቆልቷል? አብዛኛው መልስ አዎ ከሆነ ጥሩ ቀን ብላችሁ ጻፉ፤ ካልሆነ መጥፎ ቀን። መጥፎዎቹ ቀናት ከጥሩዎቹ ሲበዙ ሕክምናው ለእሱ ሳይሆን ለእናንተ መሆን ጀምሯል። ያኔ የእንስሳት ሐኪሙን «ያለ ሥቃይ በመርፌ ማሳረፍ ይቻላል?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህ ጭካኔ አይደለም። ጭካኔው መርዝ አጉርሶ ወይም ሜዳ ላይ ጥሎ መመለስ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ይህ «ይበቃል» የሚለው ሐሳብ ለውሻ እንጂ ለልጃችሁ ካንሰር አይሠራም። ውሻው በኬሞ ሲደክም አይተው «ለሰውማ ምን ሊያደርግ ነው» ብለው የሚሸሹ ቤተሰቦች እንዳይኖሩ እሰጋለሁ። የሕፃናት ደም ካንሰር ሕክምናው በወቅቱ ተጀምሮ በአግባቡ ከተጨረሰ ሊድን የሚችል በሽታ ነው። መጠኑም፣ ዓላማውም፣ ተስፋውም ከውሻው የተለየ ነው። የልጃችሁን ሕክምና ለማቆም ከማሰባችሁ በፊት ከሐኪሙ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ውሻችሁ ላይ የሚደማ ወይም የሚያብጥ ነገር ካያችሁ ጎረቤት ምን ይለኛል ብላችሁ አትደብቁት። በዚህ ሳምንት አሳዩት። ልጆቻችሁ እያዩ ነው፤ ደካማና መናገር የማይችል ሲታመም ምን እንደሚደረግ ከእናንተ ይማራሉ። አርጅታችሁ እናንተም የነሱን እጅ የምትጠብቁበት ቀን ይመጣል።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ውሻ ላለው ወዳጃችሁም አጋሩት። ጤና ለሁላችሁ!